አሠሪ የሌለው ሠራተኛ፦ የአሜሪካ የጤና መድን ተቀናሽ ታሪክ፣ ከ1942 እስከ 2014

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ላሳስብ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ነገሬ ስለ አሜሪካ ሕግ ስለሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለሱ ግራ ከማጋባት በስተቀር የሚፈይደው የለም።

የንግግሩን ርእስ ያዩ አንድ ባልደረባዬ «ይህ የሒሳብ አዋቂ ጉዳይ እንጂ የታሪክ ሰው ጉዳይ ነውን?» ሲሉ ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የምናወራው በግብር ማስታወቂያ ቅጽ ላይ ስላለች አንዲት መስመር ነውና። በግሉ ሠርቶ የሚተዳደር ሰው፣ ማለትም አሠሪ የሌለው ሰው፣ ለራሱና ለቤተ ሰቡ የጤና መድን የከፈለውን ዓረቦን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ የሚቀንስባት መስመር ናት። ከ1986 በፊት ይህች መስመር አልነበረችም። ከተጻፈች በኋላም ሕግ አውጪዎቹ ደጋግመው ዕድሜዋን እየገደቡ፣ እየተዋት፣ መልሰው እያስነሷት ቆይተዋል። በዚህ ውስጥ ታሪክ አለ ወይ ለሚለኝ፣ እኔ አለ ባይ ነኝ።

ጉዳዩ ከእኛ ጋር የሚገናኝበትም መንገድ አለ። የዋሽንግተን ከተማን የታክሲ ሥራ የሚያውቅ ሰው የኢትዮጵያውያንን ድርሻ አይስተውም። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ወዲህ ወደዚያች ከተማና ወደ አካባቢዋ ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ እንጀራቸውን ያገኙት መሪ ጨብጠው ነው። እንዲህ ያለው ሹፌር በሕጉ ዓይን የማንም ተቀጣሪ አይደለም፤ መኪናውን ገዝቶ ወይም ተከራይቶ የሚሠራ የግል ነጋዴ ነው። ይህ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ቅጹን ይዞ ሲቀመጥ የሚያነሣው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ለጤና መድን የከፈልሁት ይቀነስልኛልን?» በ1985 ቢጠይቅ መልሱ በተግባር «አይቀነስም» ነው። በ1987 ቢጠይቅ «ሩቡ ይቀነሳል» ይባላል። በ1995 የክረምት ወራት ቢጠይቅ የሚመልስለት አልነበረም። በ2003 ቢጠይቅ «ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል» ይባላል፤ ሆኖም ሒሳቡ ሲሠራ ምናልባት አንዲት ሳንቲም አታተርፍለትም። የዛሬ ንግግሬ ይህ የመጨረሻው ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለውን ለማስረዳት ነው።

ለተማሪዎች ስል ሦስት ቃላትን ልለይ። የመጀመሪያው ከግብር ነፃ የሆነ ጥቅም ነው፤ አሠሪው ለሠራተኛው መድን የሚከፍለው ገንዘብ ከመነሻው እንደ ሠራተኛው ገቢ አይቆጠርም። ሁለተኛው ተቀናሽ ነው፤ ገንዘቡ ገቢ ተብሎ ከተቆጠረ በኋላ ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ይቀነሳል። ሦስተኛው የታክስ ክሬዲት የሚባለው ነው፤ ግብሩ ከተሰላ በኋላ ከራሱ ከግብሩ ላይ ይነሣል። ሦስቱ በዕለት ተዕለት ንግግር ይደባለቃሉ። በኪስ ላይ የሚያደርሱት ውጤት ግን የተለያየ ነው።

አሁን ወደ ዳላስ እንሂድ። በ1929 የቤይለር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተቋማት ኃላፊ የነበረው ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል ሆስፒታሉ ያልተከፈለ ዕዳ ተከምሮበት አገኘው። ከዕዳው ጥቂት የማይባለው የከተማዋ መምህራን ዕዳ ነበር። ኪምቦል ቀደም ሲል የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ስለነበረ መምህራኑን በሚገባ ያውቃቸዋል። ያቀረበላቸው ሐሳብም ቀላል ነበር፦ በወር 50 ሳንቲም አዋጡ፣ ስትታመሙ በዓመት እስከ 21 ቀን በሆስፒታሉ ትታከማላችሁ። በኋላ ብሉ ክሮስ የተባለው የመድን ሥርዓት ዘሩ ከዚህ ነው።

እድርን የምናውቅ እኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት አለው፤ የኪምቦል ዕቅድ የተሸጠው በሥራ ቦታቸው አማካይነት ለተሰበሰቡ ሰዎች ነው። ምክንያቱ የግብር ሕግ አልነበረም። በወቅቱ የመድን ሰዎች የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፦ በር ላይ ቆሞ ለመጣ ሁሉ የሚሸጥ ከሆነ ዕቅዱን የሚገዛው ታማሚው ብቻ ይሆናል፣ ጤነኛው ይቀራል፣ ገንዘቡም ያልቃል። በአንድ መሥሪያ ቤት የተሰበሰቡ ሰዎች ግን የተሰበሰቡት ለሥራ እንጂ ስለታመሙ አይደለም፤ ስለዚህ ጤነኛውና ሕመምተኛው ተደባልቆ ይገኛል። ይህን የማነሣው የኋላውን ታሪክ ሁሉ በግብር ሕግ ላይ ብቻ የሚጭኑ ጸሐፊዎች ስላሉ ነው። አሠሪ የሌለው ሰው ለመድን ሥርዓቱ አስቸጋሪ ደንበኛ የሆነው ግብሩ ከመምጣቱ በፊት ነው። ግብሩ የመጣው አስቀድሞ የተሰነጠቀውን ሊያሰፋ ነው።

የመስፋቱ ጊዜ ኦክቶበር 1942 ነው። አገሪቱ ጦርነት ላይ ናት፤ ወጣቱ ዘምቷል፣ ፋብሪካዎች የቀረውን ሠራተኛ ይሻማሉ። ደመወዝና ዋጋ እንዳይንር ኮንግረስ በወሩ 2ኛ ቀን የማረጋጊያ ሕግ አወጣ። ሕጉ «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ተመጣጣኝ የሆነ የመድንና የጡረታ ጥቅም በደመወዝ ውስጥ እንዳይቆጠር አደረገ። አሠሪዎች ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም፦ ደመወዝ መጨመር ከተከለከለ መድን እንጨምር አሉ። በተከታዩ ዓመት የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት አሠሪው ለቡድን መድን የሚከፍለው ገንዘብ የሠራተኛው ገቢ ተብሎ ግብር እንደማይከፈልበት ገለጸ።

በዚያው ኦክቶበር፣ በ21ኛው ቀን፣ ሌላ ሕግ ወጣ፤ ይህኛው የገቢ ግብር ሕግ ነበር። የጦርነቱን ወጪ ለመሸፈን ግብር ከፋዩን ሕዝብ እጅግ ያበዛው ሕግ ነው። በውስጡ ለመጀመሪያ ጊዜ የግል የሕክምና ወጪ ተቀናሽ ተፈቀደ፤ የመድን ዓረቦንም በሕክምና ወጪነት ተቆጠረ። ነገር ግን የሚቀነሰው ከተጣራው ገቢ 5 በመቶ በላይ የሆነው ወጪ ብቻ ነው። ገቢው 2,000 ዶላር የሆነ ሰው የመጀመሪያዎቹን 100 ዶላር ራሱ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ዘመን 100 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እንድታዩአቸው እፈልጋለሁ። በሃያ ቀን ውስጥ አንድ ምክር ቤት ለአንድ ዓይነት ወጪ ሁለት በሮች ከፈተ። ተቀጣሪው የሚገባበት በር ሰፊ ነው፤ ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ጀምሮ ግብር የለም። ጫማ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ገበሬውና ሹፌሩ የሚገቡበት ጠባብ ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ይህን ልዩነት ተቀምጦ ያቀደው ሰው የለም። አንዱ ሕግ ስለ ዋጋ ንረት፣ ሌላው ስለ ጦርነት ገንዘብ ያስብ ነበር። በግሉ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ያሰበ አልነበረም፤ ቅሬታዬም ይኸው ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ የደመወዝ ቁጥጥሩ ተነሣ፤ መድኑ ግን ቀረ። በ1940 የጤና መድን የነበራቸው አሜሪካውያን ጥቂቶች ነበሩ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከግማሽ በላይ ሆኑ። በ1953 ገቢ መሥሪያ ቤቱ በነፃነቱ ላይ ገደብ ለማበጀት ሞከረ። ኮንግረስ ግን በ1954ቱ የግብር ሕግ፣ በአንቀጽ 106፣ አሠሪው ለጤና መድን የሚከፍለው ሁሉ ከሠራተኛው ገቢ ውጭ መሆኑን በማያሻማ ቃል ደነገገ። የጦርነት ጊዜ ብልኃት የነበረው ነገር የአገሪቱ የጤና ሥርዓት ምሰሶ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ሁለት ዓመት አሠሪ ለሌለው ሰው በዚህ ረገድ የተደረገለት ቁም ነገር የለም። የጡረታ ጉዳይ ግን ቀድሞ ተንቀሳቅሷል። በ1962 የኒው ዮርኩ የምክር ቤት አባል ዩጂን ኪዮ ስሙን የሰጠው ሕግ በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች ለጡረታ የሚያስቀምጡትን ገንዘብ እንዲቀንሱ ፈቀደ። ለዚያ ሕግ ብዙ የተሟገቱት ጠበቆችና ሐኪሞች ነበሩ። ይህ ልብ ሊባል ይገባል። «በግሉ የሚሠራ» የሚለው ስም የራሱ ጽሕፈት ቤት ያለውን ጠበቃና የራሱ ምጣድ ያላትን ቂጣ ሻጭ በአንድ ከረጢት ይከታል። ድምፅ ያለው ግን አንዱ ነው፤ ሕጉም በተጻፈ ቁጥር የሚመስለው ድምፅ ያለውን ነው።

ድምፅ ያላቸው ሰዎች ሌላም መውጫ አገኙ። ሐኪሙ ኩባንያ ያቋቁማል፤ ኩባንያው ሐኪሙን ይቀጥራል፤ ሐኪሙም «ተቀጣሪ» ስለሆነ ሰፊው በር ይከፈትለታል። ገቢ መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ይህን ሲከራከር ቆይቶ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተረታ። ሰው ራሱን በራሱ ቀጥሮ፣ ለራሱ መድን ገዝቶ፣ ራሱን አመስግኖ ቤቱ ይገባል። አስቂኝ ቢመስልም ፍጹም ሕጋዊ ነበር። ኩባንያ ለማቋቋምና መዝገቡን ለማስያዝ የሚጠይቀውን ወጪ የማይችል ሰው ግን በጠባቡ በር ቀረ።

በኦክቶበር 1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙበት ታላቁ የግብር ማሻሻያ ሕግ ያቺን መስመር ወለደ። በግሉ የሚሠራ ሰው ከጤና መድን ዓረቦኑ 25 በመቶ መቀነስ ይችላል ተባለ። ያው ሕግ በሌላ ገጹ ለግል የሕክምና ወጪ ተቀናሽ የሚጠየቀውን ገደብ ከ5 ወደ 7.5 በመቶ ከፍ አደረገው። በአንድ እጁ ሩብ ሰጠ፣ በሌላው የቀድሞውን በር ይበልጥ አጠበበ። ለምን ሩብ ሆነ? ተቀጣሪው መቶ በመቶ የሚያገኝ ከሆነ በምን መርሕ የእርሱ 25 ሆነ? መርሕ የለውም የሚል እምነት አለኝ። የበጀት ስሌት ነው፤ ለዚያ ዓመት የተገኘው ገንዘብ የሚችለው ያን ያህል ነበር። ደግሞም መስመሯ ለሦስት ዓመት ብቻ የተፈቀደች ነበረች።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን አድካሚ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ፈቃዱ በ1989 መጨረሻ ማብቃት ነበረበት፤ እስከ ሴፕቴምበር 1990 ተራዘመ፤ ከዚያ እስከ 1991 መጨረሻ፤ ከዚያ እስከ ጁን 1992። በጁን 1992 አበቃ። በኦገስት 1993 ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ሕግ ወጥቶ እስከ 1993 መጨረሻ ሕይወት ሰጠው። ከዚያ እንደገና ሞተ። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሰፊ የጤና ማሻሻያ አቅርበው ስለነበር ይህች ትንሽ መስመር በትልቁ ሕግ ውስጥ ትጠቃለላለች ተብሎ ነበር። ትልቁ ሕግ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከሸፈ፤ ትንሿም አብራው ወደቀች።

በ1995 የሆነውን ግን በዝግታ ላስረዳ። የ1994ን ግብር ማስታወቂያ ማቅረቢያ ጊዜ እየደረሰ ነው፤ መስመሯ የለችም። ከነገ ዛሬ ትመለሳለች እየተባለ ሰው ይጠብቃል። አንዳንዱ ያለ ተቀናሹ ቅጹን አስገባ። ኤፕሪል 11 ቀን 1995፣ ማቅረቢያው ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ፈረሙ። ለ1994 ሩቡ ተመለሰ፤ ከ1995 ጀምሮ 30 በመቶ ሆነ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የጊዜ ገደቡ ተነሣለት። ቅጹን አስቀድሞ ያስገባ ሰው ማሻሻያ ቅጽ ሞልቶ እንደገና መላክ ነበረበት።

ገንዘቡ ከየት መጣ? የአሜሪካ የበጀት ሥርዓት ገቢ የሚቀንስ ሕግ ማካካሻ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የተገኘው ማካካሻ በ1978 የተጀመረ አንድ የፌዴራል መርሐ ግብር ነበር። የራዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ጣቢያን ወይም የኬብል ድርጅትን ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ወገኖች ለሚቆጣጠሩት ኩባንያ የሸጠ ሰው ከሽያጩ ያተረፈው ላይ የሚከፈለውን ግብር እንዲያቆይ ያስችለው ነበር። በዚያ ሰሞን ቪያኮም የኬብል ድርጅቱን በዚህ መንገድ ለመሸጥ ተስማምቶ ስለነበር፣ የሚቀረው ግብርም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለነበር፣ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ። ምክር ቤቱ መርሐ ግብሩን ከነጭራሹ ሰረዘው፤ ከስረዛው የሚገኘውም ገቢ ለግል ሠራተኞች መድን ዋለ።

መርሐ ግብሩ አላግባብ ጥቅም ላይ ይውል ነበር የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውን አልንቅም። እኔን የሚያሳስበኝ የሒሳቡ አሠራር ነው። በ1954 ለተቀጣሪው የተሰጠው ነፃነት ማንም ማካካሻ ሳይጠየቅበት በአንድ አንቀጽ ለዘለዓለም ተሰጠ። በግሉ የሚሠራው ሰው ግን ከነፃነቱ ሲሶ እንኳ ለማትሞላ ድርሻ በእያንዳንዱ ዙር ከሌላ ሰው ኪስ የሚወሰድ ነገር እስኪገኝ መጠበቅ ነበረበት። በኋላ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ቦታው ተይዞ ነው የሚያገኘው።

ቀሪው ጉዞ ፈጣን ነው። የ1996ቱ የጤና መድን ሕግ፣ ከዚያ የ1997ቱ፣ ከዚያ የ1998ቱ መቶኛውን በየጊዜው ከፍ አደረጉ። በ1997 40 በመቶ፣ በ1998 45፣ በ1999 60፣ በ2002 70 ሆነና በ2003 መቶ ደረሰ። በጋዜጦችም በንግድ ማኅበራትም «እኩልነት ተገኘ» ተባለ። ከ1942 እስከ 2003 ቢቆጠር ስድሳ አንድ ዓመት ነው።

እንግዲህ ያን የታክሲ ሹፌር እንጥራው። ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን የዚያ ዓመት የሕግ ቁጥሮች ናቸው። ዓመቱ 2003 ነው። ባለትዳር ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ባለቤቱ ሥራ የላትም። ቤንዚኑን፣ ጥገናውን፣ የመኪናውን መድን ከቀነሰ በኋላ የተረፈው 28,000 ዶላር ነው። የጤና መድን ለመግዛት 6,000 ዶላር ከፍሏል እንበል።

ሹፌሩ ሁለት ዓይነት የፌዴራል ግብር አለበት። አንደኛው የገቢ ግብር ነው። ሁለተኛው በግል የሚሠሩ ሰዎች ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍሉት ነው፤ ተቀጣሪና አሠሪ ለሁለት የሚካፈሉትን 15.3 በመቶ ብቻውን ይሸከማል። ከሁለተኛው እንጀምር። ሕጉ ከትርፉ 92.35 በመቶው ላይ ያሰላዋል፤ 25,858 ዶላር ይሆናል፤ በ15.3 በመቶ ሲባዛ 3,956 ዶላር ነው። ወደ ገቢ ግብሩ እንለፍ። የዚህ ግማሽ፣ 1,978 ዶላር፣ ከገቢው ይቀነስለታል፤ 26,022 ይቀራል። ለባልና ሚስት የተፈቀደው መደበኛ ተቀናሽ 9,500 ነው፤ ለአራቱ ነፍስ በነፍስ 3,050 ሲቀነስ 12,200 ነው። ግብር የሚከፈልበት 4,322 ዶላር ይቀራል፤ በ10 በመቶ 432 ዶላር። በዚያ ዓመት ለአንድ ልጅ 1,000 ዶላር ክሬዲት ስለነበር ይህችም ትጠፋለች። የገቢ ግብሩ ዜሮ ነው።

ልብ በሉ፤ እስካሁን ስለ ጤና መድኑ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ዜሮ የሆነው ያለ እርሱ ነው። አሁን ስድሳ አንድ ዓመት የተጠበቀችው መስመር ትመጣና 6,000 ዶላሩ ከገቢ ግብር መነሻው ላይ ይቀነሳል። ከዜሮ በታች የሚወርድ ግብር ስለሌለ ውጤቱ ዜሮ ነው። ያ 3,956 ዶላርስ? ሕጉ የመድኑ ተቀናሽ ለገቢ ግብር ብቻ እንጂ ለሶሻል ሴኩሪቲውና ለሜዲኬሩ ስሌት እንደማያገለግል በግልጽ ደንግጓል። ለተቀጣሪው አሠሪው የሚገዛለት መድን ከሁለቱም ግብር ነፃ ነው። ሹፌራችን እንደ ተቀጣሪው ቢቆጠር ኖሮ 848 ዶላር ገደማ ይቀርለት ነበር። መቶ በመቶ የተባለው እኩልነት ምንም በማይከፍልበት ግብር ላይ የተሰጠ እኩልነት ነው።

ያው መስመር በዚያው ዓመት በከፍተኛው የ35 በመቶ እርከን ላይ ላለ ጠበቃ ስትደርስ፣ የከፈለው ዓረቦን 6,000 ከሆነ፣ 2,100 ዶላር ታስቀርለታለች። ተመሳሳይ መስመር፣ ተመሳሳይ ዓረቦን። ተቀናሽ በባሕርዩ እንዲህ ነው፤ ብዙ ግብር ላለበት ብዙ ያተርፋል። በዚህ የሚያስገርም ነገር የለም። የሚያሳዝነው ክርክሩ ሁሉ ስለ መቶኛው፣ 25 ነው 30 ነው 60 ነው በሚል፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት ሲካሄድ ቆይቶ የትኛው ግብር የትኛውን ሰው ይነካል የሚለው ጥያቄ በክርክሩ ዳር መቅረቱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በ2010 የወጣ የአነስተኛ ንግድ ሕግ ተቀናሹ ለሶሻል ሴኩሪቲውም እንዲያገለግል ፈቀደ። የፈቀደው ግን ለዚያው ለ2010 ግብር ዓመት ብቻ ነበር። በር ተከፍቶ ዓመቱ ሲያልቅ ተዘጋ።

ሌላም ነገር አለ። ተቀናሹ የሚጠቅመው መድን መግዛት የቻለን ነው። ከ2014 በፊት በብዙዎቹ ግዛቶች ለግለሰብ መድን የሚሸጥ ኩባንያ የአመልካቹን የጤና ታሪክ ይመረምር ነበር። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ዋጋው ይጨመርበታል፣ ሕመሙ ከውሉ ይገለልበታል፣ ወይም ጨርሶ ይመለሳል። የዳላሱ ፍርሃት እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ከቡድን ውጭ የመጣ ሰው ይጠረጠራል። ላልተሸጠለት ዕቃ መቶ በመቶ ተቀናሽ ምን ያደርግለታል? በዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን እድር አላቸው፤ ሲሞቱ ቀባሪ አያጡም። የእድር መዋጮ ግን የሆስፒታል ሒሳብ አይከፍልም።

በማርች 2010 የጸደቀው የፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና ሕግ ይህን ምርመራ ከ2014 ጀምሮ ከለከለ። ለመግዣውም በተቀናሽ ፋንታ ክሬዲት አመጣ፤ ገቢው ከድህነት መስመሩ ጀምሮ እስከ አራት እጥፉ ለሆነ ሰው ዓረቦኑን የሚያግዝ ክሬዲት ነው። የገቢ ግብር ባይኖርበትም ይሰጠዋል። ከዚያ በታች ላለው ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት መድን እንዲሰፋ ታቀደ። ለሹፌራችን ይህ ከሥልሳ ዓመት በላይ ከተጻፈው ሁሉ የበለጠ ነው። ይህን ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

ይሁንና በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜዲኬይድን ማስፋት ለግዛቶች ምርጫ እንዲሆን ወሰነ። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አሰፉ፤ ቨርጂኒያ እስከ 2019 መግቢያ ድረስ አላሰፋችም። በአንድ ወንዝ ሁለት ዳር፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌግዛንድሪያ የሚኖሩ፣ በአንድ ከተማ መንገድ የሚሠሩ ሁለት ዜጋ የሆኑ ሹፌሮች ዕጣቸው ተለያየ። በቨርጂኒያው ላይ ደግሞ እንግዳ ነገር ደረሰ። ለ2014 የአራት ሰው ቤተ ሰብ የድህነት መስመር 23,550 ዶላር ነበር። ገቢው ከዚያ በላይ ከሆነ ክሬዲቱን ያገኛል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ክሬዲትም የለው ሜዲኬይድም የለው። ስለዚህ የቤንዚኑንና የጎማውን ደረሰኝ በጥንቃቄ ሰብስቦ ወጪውን በሙሉ የቀነሰ ሹፌር ከመስመሩ በታች ወድቆ ድጎማውን ሊያጣ ይችል ነበር። ለመቀነስ ሲሟገት የኖረ ሰው ቀነሰና ወደቀ።

የ1986ቷ መስመርም አልጠፋችም፤ ከአዲሱ ክሬዲት ጋር ጎን ለጎን ቆመች። ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። የሚቀነሰው ዓረቦን ክሬዲቱ ከሸፈነው የተረፈው ነው፤ ስለዚህ ተቀናሹን ለማወቅ አስቀድሞ ክሬዲቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ክሬዲቱ የሚሰላው በገቢ ነው፤ ገቢውም ተቀናሹ ሳይቀነስ አይታወቅም። ዙሪያ ገባው ክብ ነው። በጁላይ 2014 ገቢ መሥሪያ ቤቱ ባወጣው መመሪያ ግብር ከፋዩ በግምት እንዲጀምር፣ ክሬዲቱን አስልቶ ተቀናሹን፣ ተቀናሹን አስልቶ ክሬዲቱን ደጋግሞ እንዲያሰላ፣ በሁለት ዙር መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ዶላር በታች ሲሆን እንዲያቆም ፈቀደ። አጠር ያለ ሌላ ስሌትም ጨመረበት። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ማለዳ ቅጹን የሚሞላ ሰው ይህን እንዲያደርግ ነው የተጠየቀው። መመሪያውን የጻፉትን አልወቅስም፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሕጎች ጥለውላቸው የሄዱትን ቋጠሮ በሐቀኝነት ለመፍታት ሞክረዋል።

ስለ አገራችን እንደምትጠይቁኝ ስለማውቅ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በእኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። የመደበኛ ተቀጣሪዎች የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2010 ወጥቶ አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ሲዘገይ፣ አሠሪ ለሌለው ገበሬና በግሉ ለሚሠራው ሰው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2011 በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፋ። አሜሪካ ከተቀጣሪው ጀምራ ሌላውን በኋላ ለመጨመር ስትታገል ኖራለች። እኛ ዘንድ ተቀጣሪው በኋላ ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው የምርምር ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች እተወዋለሁ።

መድረኩን ለጥያቄና ለውይይት ለሰብሳቢው እመልሳለሁ።